ስደተኞችንና ተቀባይ ማኅበረሰቡን አንድ ላይ የሚይዝ የቢዝነስ አክስለሬተር፦ ረቂቃችን የቱ ጋ ይሰበራል?

ድልድይ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የስደተኞች መጠለያና በአጠገቡ ባለች ከተማ የሚገኙ 40 አነስተኛ ንግዶችን ለስድስት ወር የሚደግፍ ፕሮግራም እየተነደፈ ነው። ግማሾቹ ስደተኞች፣ ግማሾቹ ነዋሪዎች ይሆናሉ። ረቂቁ ባጭሩ ይህን ይላል፦ ማመልከቻ በኢንተርኔት ቅጽ፣ መስፈርቱ ንግድ ፈቃድና ባለሦስት ገጽ የንግድ ዕቅድ። ከዚያ የ12 ሳምንት ሥልጠና፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ሙሉ ቀን። መጨረሻ ላይ በዳኞች ፊት ውድድር ይደረግና ሦስት አሸናፊዎች የድጋፉን ገንዘብ በሙሉ ይካፈሉታል። የቀሩት ሦስት ወራት «ክትትል» ተብለው ተጽፈዋል፤ ምን እንደሚደረግባቸው ግን የትም አልተገለጸም።

ረቂቁን ሳትራሩ አብጠልጥሉልኝ። በተለይ ምርጫው፣ የወረቀትና የሕግ ጉዳዩ፣ የሥልጠናው ሰዓትና የገንዘቡ አሰጣጥ ላይ።

የመስክ ሰው

ከማመልከቻው ልጀምር፤ ኋላ የሚበላሸው ሁሉ እዚያ ነው የሚጀምረው። አክስለሬተር እየሄደ ያለን ንግድ ማፍጠኛ ነው። ሐሳብ ብቻ ይዞ ለመጣ ሰው የሚሆነው ኢንኩቤተር ነው። ሁለቱን ዓይነት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ካስቀመጣችሁ ነጋዴው ይሰለቻል፣ ጀማሪው ግራ ይገባዋል፣ አሰልጣኙ ለማን እንደሚያስተምር አያውቅም። ስለዚህ ዝቅተኛው መስፈርት «ቢያንስ ስድስት ወር የሠራ፣ ባለፉት 30 ቀናትም ሲሸጥ የነበረ» ይሁን።

ንግድ ፈቃድን የመግቢያ በር አታድርጉት። በደንብ የሚሠሩ ብዙ ስደተኞች ፈቃድ የላቸውም፤ ከነዋሪዎቹም ቢሆን ጉልት ላይ የሚሸጡ ሴቶች አብረው ይቀራሉ። ፈቃድ ከፕሮግራሙ ሲወጡ የሚያዝ እንጂ ሲገቡ የሚጠየቅ አይሁን። ባለሦስት ገጹ ዕቅድም ይቅር። ዕቅድ በገንዘብ የሚጽፉ ሰዎች ወዲያው ይፈጠራሉ፤ እናንተ የምታወዳድሩትም ነጋዴዎቹን ሳይሆን ጸሐፊዎቹን ይሆናል።

በምትኩ ሁለት ዙር አድርጉት። የመጀመሪያው አሥር ጥያቄ ብቻ፣ በቃል፣ በስልክ ወይም በአካል፣ አመልካቹ በሚናገረው ቋንቋ። ሁለተኛው ዙር ሥራ ቦታው ድረስ መሄድ ነው። ለ40 ቦታ 80 ያህል ጉብኝት ያስፈልጋል። አንድ ጉብኝት 45 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ሰው ያለበት ቡድን በቀን አራት ካየ፣ ሁለት ቡድን በአሥር የሥራ ቀን ይጨርሳል። በጉብኝቱ ላይ «የወር ገቢዎ ስንት ነው?» ብሎ መጀመር ከንቱ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር በወር አይታወስም። «ትናንት ምን ምን ሸጡ? መጨረሻ ዕቃ ያስገቡት መቼ ነው? ከማን? ስንት ከፈሉ? በዱቤ የወሰደ ስንት ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ መደርደሪያውን ተመልከቱ። በየሳምንቱ አልቆ ይተካል የተባለ ዕቃ አቧራ ለብሶ ከተገኘ መልሱን አግኝታችኋል። የሞባይል ገንዘብ መዝገብ፣ የዱቤ ደብተር፣ ዕቃ ለሚያቀርበው ጅምላ ነጋዴ አንድ ስልክ መደወል፣ እነዚህ ሁሉ ከፈቃድ ወረቀት የተሻሉ ማስረጃዎች ናቸው።

ነጥብ አሰጣጡን እንዲህ ብታደርጉት ያስኬዳል፦ ከ100ው 30 ለሽያጩ መደበኛነት፣ 25 ባለቤቱ ወጪውን ለማወቁ፣ 20 ገበያው ተጨማሪ አቅራቢ ይችል እንደሆነ፣ 15 ገንዘብ ቢጨመርለት ምን እንደሚያደርግበት በግልጽ ለመናገሩ፣ 10 ለሥልጠናው ጊዜ ለመስጠት ለመቻሉ። ሦስት ሰዎች ሳይነጋገሩ ነጥብ ይስጡ። ከሦስቱ በማናቸውም ሁለቱ መካከል ከ15 ነጥብ በላይ ልዩነት ሲኖር ብቻ ተወያዩ። የአመልካቹ ዘመድ የሆነ ነጥብ ሰጪ ከዚያ ፋይል ይነሳ።

ሁለት ተንኮሎችን ጠብቁ። አንዱ አንድን ሱቅ ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች ለሁለት ከፍለው ሁለት ማመልከቻ ማስገባታቸው ነው፤ ጉብኝት ካልተደረገ አይታወቅም። ሌላው «ዝርዝሩ» ነው። የስደተኞች ተወካይም ሆነ የአካባቢው ሹም የተዘጋጀ የስም ዝርዝር ይዞ ይመጣል። አትጣሉት፣ አትቀበሉትም፤ «በዝርዝሩ ያሉት ሁሉ እንደማንኛውም ሰው ያመልክቱ» ብላችሁ መስፈርቱን በአደባባይ ለጥፉ።

ለስደተኞችና ለነዋሪዎች መስፈርቱ አንድ፣ የደረጃ ሰንጠረዡ ግን ሁለት ይሁን። አንድ ሰንጠረዥ ከሆነ አሥር ዓመት በአንድ ቦታ የነገደው ነዋሪ፣ ካገሩ ባዶ እጁን መጥቶ ሁለት ዓመት የሠራውን ስደተኛ ሁልጊዜ ይበልጠዋል። 44 አስገቡ፣ ስድስት ተጠባባቂ ያዙ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሚቀሩ አይጠፉም።

አንቀጽ በአንቀጽ

የሕጉን ነገር ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ጨርሱት። «አራተኛ ወር ላይ እናየዋለን» የተባለ ፈቃድ ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላም አይመጣም።

መነሻው እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ኮንቬንሽን ነው። አንቀጽ 17 ስለ ተቀጥሮ መሥራት፣ አንቀጽ 18 በግል ስለ መሥራት፣ አንቀጽ 19 በሙያ ፈቃድ ስለሚሠሩ ሥራዎች፣ አንቀጽ 26 ስለ መንቀሳቀስ ነፃነት ይናገራሉ። ለእናንተ ቁልፉ 18 ነው፦ በሕጋዊ መንገድ ያለ ስደተኛ በእርሻ፣ በኢንዱስትሪ፣ በእጅ ጥበብና በንግድ በግሉ እንዲሠራና ድርጅት እንዲያቋቁም፣ ቢያንስ ለሌሎች የውጭ ዜጎች ከሚሰጠው ያላነሰ መብት እንዲሰጠው ይጠይቃል። «ቢያንስ እንደ ውጭ ዜጋ» የምትለውን ሐረግ አትለፏት። በብዙ አገር የውጭ ዜጋ ለመነገድ ከፍ ያለ ካፒታል ማስመዝገብ አለበት፤ አንዳንድ ዘርፎችም ለዜጎች ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ አገሮች ኮንቬንሽኑን ሲፈርሙ አንዳንድ አንቀጾችን በተዓቅቦ፣ ማለትም ገደብ አስቀምጠው፣ የተቀበሉ አሉ። ስለዚህ ኮንቬንሽኑን ይዞ ወደ ንግድ ቢሮ መሄድ አይበቃም፤ የአገሩን ሕግና የሚያስፈጽመውን መመሪያ ያዙ። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. የ2006 የስደተኞች ሕግ አላት፣ ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 አላት (የመሥራት መብት አንቀጽ 26 ላይ ነው)፣ ኬንያም እ.ኤ.አ. የ2021 የስደተኞች ሕግ አላት። በየትኛውም አገር በሕጉና በመስኮቱ መካከል ያለው መመሪያና የቅጽ ዓይነት ነው ነገሩን የሚወስነው።

ሰዎች ዘወትር የሚያምታቱት ነገር አለ፦ የሥራ ፈቃድ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የቦታ ወይም የኪራይ ውል አራት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ጆርዳን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለሶርያውያን የሥራ ፈቃድ በስፋት ሰጥታለች፤ ያ ግን በዋናነት በተወሰኑ ዘርፎች ለመቀጠር የሚያገለግል ነበር፣ ሱቅ ለመክፈት አይደለም። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ገጽ አዘጋጁ፦ የትኛው ወረቀት አለው፣ የትኛው ይጎድለዋል፣ ማን ይሰጠዋል፣ ክፍያው ስንት ነው፣ መቼ ያበቃል።

«መቼ ያበቃል» የምትለዋ አምድ ቀላል ትመስላለች። የስደተኛ መታወቂያ ሲያበቃ ባንኩ ሒሳቡን ያግዳል፤ ሲም ካርዱም በዚያው መታወቂያ ከተመዘገበ የሞባይል ገንዘቡ አብሮ ይቆማል። ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 ለቬኔዙዌላውያን ያወጣችው ጊዜያዊ ከለላ አሥር ዓመት የሚያገለግል በመሆኑ ነው ለባንክም ለአከራይም የተመቸው። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ መታወቂያ ባለበት አገር ግን እድሳቱን ከሦስት ወር በፊት መጀመር የአማካሪው ሥራ ውስጥ ይግባ።

ፈቃድ የማያገኝ ስደተኛ በነዋሪ ስም ፈቃድ አውጥቶ እንዲሠራ የሚመክሩ አሉ። አትምከሩ። በወረቀት ሱቁም፣ ዕቃውም፣ የባንክ ሒሳቡም የሌላው ሰው ነው፤ ጠብ ሲመጣ ፍርድ ቤት የሚያየው ወረቀቱን ነው። ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነ በግልጽ የተመዘገበ የሽርክና ውል ይሻላል። ውሉ ውስጥ የእያንዳንዱ መዋጮ በገንዘብና በዕቃ፣ የትርፍ ክፍፍሉ፣ በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ፣ አንዱ ከአካባቢው ቢሄድ ድርሻው እንዴት እንደሚገመትና በስንት ጊዜ እንደሚከፈለው ይጻፍ። ከሁሉም የሚረሳው የመጨረሻው ነው።

የመውጫ ፈቃድም አለ። ከመጠለያ ወጥቶ ዕቃ ለመግዛት ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ለእያንዳንዱ ጉዞ ሳይሆን ለፕሮግራሙ ዘመን በሙሉ የሚያገለግል ደብዳቤ በስም ዝርዝር ጠይቁ።

ደብተርና ሚዛን

ሥልጠናው ላይ፦ በሳምንት አምስት ሙሉ ቀን ማለት ለ12 ሳምንት ሱቁን ዝጋ ማለት ነው። ሱቁን መዝጋት የማይችለው፣ ማለትም እናንተ የምትፈልጉት ነጋዴ፣ አይመጣም፤ የሚመጣው ሥራ የሌለው ነው። በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን በቂ ነው፤ የገበያ ቀንንና ራሽን ወይም የገንዘብ ድጋፍ የሚታደልበትን ቀን ዝለሉ። ሕፃናት የሚቆዩበት ክፍልና አንድ ተንከባካቢ ከሌለ ደግሞ የሴቶቹን ቁጥር በሁለተኛው ሳምንት ታዩታላችሁ።

ይዘቱንም አሳጥሩት። ቶጎ ውስጥ በ1,500 ጥቃቅን ንግዶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። አንዱ ቡድን የተለመደውን የሒሳብ አያያዝና የገበያ ሥልጠና ወሰደ፤ ሌላው በራስ ተነሳሽነት ላይ ያተኮረ፣ ማለትም አዲስ ነገር መሞከርን፣ ቀድሞ ማቀድን፣ ከእንቅፋት በኋላ መቀጠልን የሚያለማምድ ሥልጠና። የሁለተኛው ቡድን ትርፍ በ30 ከመቶ አደገ፤ የመጀመሪያው 11 ከመቶ፣ እሱም በስታቲስቲክስ ሚዛን እርግጠኛ የማይባል። ሥልጠናው የወሰደው 36 ሰዓት ነው። የእናንተ ረቂቅ በ12 ሳምንት ከ400 ሰዓት በላይ ይዟል።

ይህ ማለት ሒሳብ አይሰጥ ማለት አይደለም፤ ሦስት ነገር ብቻ ይሰጥ፦ የሱቅና የቤት ገንዘብን መለየት፣ የአንዱን ዕቃ ዋጋ አጣርቶ ማውጣት፣ ዱቤን መቆጣጠር። ምሳሌው ከራሳቸው ሥራ ይምጣ። አንድ ልብስ ሰፊ ሸሚዝ በ100 ይሸጣል እንበል፣ በየትኛውም ገንዘብ ይሁን። ጨርቅ 48፣ ክርና ቁልፍ 6፣ የስፌት ጉልበት 20፣ ከኪራይና ከመብራት የሚደርሰው 9፣ ትራንስፖርት 5። ድምሩ 88፣ ትርፉ 12። አሁን ከአሥር ሸሚዝ አንዱ በዱቤ ወጥቶ ሳይከፈል ቀረ በሉ። አማካይ ገቢው 90 ሆነ፤ ትርፉ 2 ብቻ። ሰፊው የራሱን ጉልበት ዋጋ ባለመቁጠሩ 32 አተርፋለሁ ብሎ ሲያስብ ኖሯል። ይህች አንዲት ሰሌዳ ላይ የተሠራች ስሌት ከአሥር ስላይድ ትበልጣለች። ፊደል ላልቆጠረ ሰው በደብተር ፈንታ ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው ቦርሳዎችና በሥዕል የተከፈለ ካርድ ይሠራል።

ዋናው ጉልበት ግን ክፍል ውስጥ ሳይሆን ሱቅ ውስጥ ነው። ለአንድ አማካሪ ከ10 እስከ 12 ንግድ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጉብኝት፣ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ። እያንዳንዱ ጉብኝት እስከሚቀጥለው የሚሠራ አንድ ነገር ይዞ ይውጣ፤ ሦስት አይደለም፣ አንድ። ባዶ የተተወው የሦስት ወር «ክትትል» በዚህ ይሞላል። አማካሪው ገንዘቡን የሚወስነው ሰው መሆን የለበትም፤ ከሆነ ነጋዴው ኪሳራውን ይደብቀዋል። አስተርጓሚውም በዚያው ገበያ ተመሳሳይ ንግድ ያለው ሰው አይሁን፤ የባልንጀራውን ዋጋ ሁሉ ሰምቶ ይሄዳል።

ስለ «አብሮነት» አንድ ነገር ልጨምር። ስደተኛና ነዋሪን አንድ ክፍል አስቀምጦ ስለ ሰላም መስበክ ብዙም አያራምድም። አምስት አምስት ሆነው የሚማሩበትን ቡድን በንግድ ሰንሰለት አደራጁት፦ ወተት አቅራቢው ነዋሪ ከስደተኛዋ ሻይ ቤት ጋር፣ ጅምላ ሻጩ ከቸርቻሪው ጋር። አንድ ዓይነት ሥራ ያላቸውን ሁለት ጎረቤቶች አንድ ቡድን ውስጥ አታስገቡ፤ ወጪውን የሚናገር አይኖርም።

ገንዘብ ያዥ

ውድድሩን ሰርዙት። አንደበተ ርቱዕ የሆነውንና የዳኞቹን ቋንቋ የሚችለውን ይሸልማል፤ 37 ሰዎችን ባዶ እጃቸውን ይሸኛል፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ ማን ስንት እንደተቀበለ ለሰፈር ሁሉ ያውጃል። መጠለያ ውስጥ ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ንግግር መለማመድ ከተፈለገ ለጅምላ ነጋዴዎችና ለአበዳሪዎች የሚቀርብ ትንሽ ስብሰባ ይዘጋጅ፣ ገንዘብ አይኑርበት።

ገንዘቡ ለሁሉም፣ በሦስት ክፍል፣ 40፣ 40፣ 20 ከመቶ ይሰጥ። የመጀመሪያው አራት ሳምንት ሙሉ የዕለት ሽያጩን ለመዘገበ። ሁለተኛው የመጀመሪያው የተገዛበት ዕቃ በዓይን ሲታይ። የመጨረሻው ወደ ሕጋዊነት አንድ እርምጃ ለሄደ፦ የግብር ቁጥር፣ ፈቃድ ወይም በስሙ የባንክ ሒሳብ። ሕጉ ለስደተኛው ያን በር ከዘጋው ግን መስፈርቱን ለውጡለት፤ ሊያሟላው በማይችለው ነገር አይቀጣ።

መጠኑ ለሁሉም እኩል አይሁን። የእኔ ልኬት፦ ከንግዱ የሦስት ወር ሽያጭ አይብለጥ። በወር መቶ የምትሸጥ ሴት ሁለት ሺህ ብትቀበል የተረፈው ወደ ንግዱ ሳይሆን ወደ ዕዳ፣ ወደ ዘመድና ወደ ሕክምና ይሄዳል፤ ሰው ናትና አይፈረድባትም።

ዕቃውን ድርጅታችሁ አይግዛ። የግዥ ሂደቱ ሁለት ወር ይፈጃል፣ የሚመጣው የማይፈለገው ሞዴል ነው፣ ወቅቱም ያልፋል። ባለቤቱ ራሱ ተከራክሮ ይግዛ። ለትልቅ ዕቃ ሦስት ፕሮፎርማ ይጠየቃል፤ ነገር ግን ሦስቱም ከአንድ ሱቅ በሦስት ማኅተም የሚወጡበት ጊዜ አለ። ከሦስቱ አንዱን ዋጋ ራሳችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ማሽን ከመገዛቱ በፊት የመብራቱን ነገር እዩ። ሦስት ፌዝ የሚፈልግ ወፍጮ አንድ ፌዝ ብቻ ባለበት መንደር ተገዝቶ ይቆማል። ማቀዝቀዣ በሶላር የሚሠራ ከሆነ ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ለአፍታ ይስባል፤ ኢንቨርተሩ በመደበኛው ዋት ብቻ ከተመረጠ በየጊዜው ይዘጋል። መለዋወጫው የት ይገኛል? የሚጠግነው ሰው በአንድ ቀን ደርሶ ይመለሳል? ከማሽኑ ዋጋ ላይ 10 ከመቶ ያህል ለመግጠሚያና ለመጀመሪያው ጥገና ያዙ።

ብድር ከፈለጋችሁ ከእናንተ ቢሮ አይውጣ። ስጦታ የሰጠ እጅ ብድር ሲሰጥ ያም ስጦታ ይመስላል፣ አይመለስም። አንድ አበዳሪ ተቋም አምጡና ከሚደርስበት ኪሳራ 50 ከመቶውን ዋስ ሁኑለት። መቶ በመቶ አትሁኑ፤ ያን ጊዜ ተበዳሪውን ማጣራት ይተዋል። አበዳሪዎች «ስደተኛ ጥሎ ይሄዳል» ይላሉ፤ ለስደተኞች የሚሆን የተለየ ፈንድ ያቋቋመው ኪቫ (በኢንተርኔት ከሰዎች ገንዘብ ሰብስቦ አነስተኛ ብድር የሚያቀርብ ድርጅት) የብድር አመላለሳቸው ከሌሎች ተበዳሪዎቹ ጋር ተቀራራቢ መሆኑን ዘግቧል። ወለድ በሃይማኖታቸው ለማይፈቀድላቸው ሙራባሃ አለ፦ አበዳሪው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ በክፍያ ይሸጥላቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የቁጠባ ቡድን። ኬር የተባለው የዕርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ የጀመረው አሠራር ነው፤ ከ15 እስከ 25 አባላት፣ ሦስት ቁልፍ ያለው ሳጥን፣ ቁልፎቹ ሳጥኑን በማይዙ ሦስት ሰዎች እጅ፣ ከ9 እስከ 12 ወር ሲሞላ ክፍፍል። ለአስቸኳይ ችግር የሚሆን የተለየ ትንሽ ፈንድ ከሳጥኑ ጎን ይኑር፤ የመንቀሳቀሻ ገንዘብን ከሆስፒታል ወጪ የሚያድነው እሱ ነው።

የመስክ ሰው

@ገንዘብ ያዥ የሦስት ወር ሽያጩ ልኬት ለሱቅና ለምግብ ቤት ይስማማኛል። ለሚያመርት ግን አይሆንም። ሳሙና የሚሠራ ወይም ብረት የሚበይድ ሰው ሽያጩ ትንሽ የሆነው ማሽኑ ስለሌለው ሊሆን ይችላል። በእነሱ ላይ ሽያጩን ሳይሆን የተመለሱትን ትዕዛዞች ቁጠሩ፦ ባለፈው ወር ስንት ደንበኛ «አልችልም» ተብሎ ሄደ?

ገንዘብ ያዥ

ይሁን፤ ትዕዛዙን የጠየቀው ደንበኛ በስልክ ከተረጋገጠ።

ሦስተኛው ሱቅ

ሁላችሁም ስለ ነጋዴው አወራችሁ፤ ስለ ገዢው ማንም አላነሳም። 40 ንግድ ተመርጦ 15ቱ አንድ ዓይነት ኪዮስክ ከሆኑ እናንተው እርስ በርሳቸው አጋደላችኋቸው። ከምርጫው በፊት ሁለት ሰው በእግሩ ሄዶ ገበያውን ይቁጠር፦ ስንት ሱቅ፣ ስንት ፀጉር ቤት፣ ስንት ስልክ ጠጋኝ። ከዚያ ሰዉ ከሌላ ከተማ የሚያስመጣውን ነገር ጠይቁ። የጎደለው እዚያ ነው። ከአንድ ዓይነት ንግድ ከአራት በላይ እንዳይገባ ጣሪያ አድርጉ።

መጠለያ ገበያ አይደለም የሚል ካለ፣ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ኬንያ ውስጥ ስላለው የካኩማ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን ጥናት ይመልከት፦ ከ2,000 በላይ ንግድ፣ በዓመት ወደ 56 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኢኮኖሚ። ኋላ ለካኩማና በአጠገቡ ላለው የካሎበዬይ ሰፈራ የንግድ ፈንድ የተከፈተው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ነገር ግን የዚህ ዓይነት ገበያ አንድ ደካማ እግር አለው። የገዢው ገንዘብ ከዕርዳታ የሚመጣ ከሆነ፣ ራሽን ሲቀነስ ሽያጩ በዚያው ወር ይወርዳል፣ የዱቤ ደብተሩም ይወፍራል። እያንዳንዱን ተሳታፊ «ከገዢዎችህ ስንቱ ከመጠለያ ውጭ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከአምስት አንድ እንኳ ካልሞላ የአማካሪው የመጀመሪያ ሥራ የውጭ ገዢ መፈለግ ይሁን። ከነዋሪ ጅምላ ነጋዴ ጋር ማገናኘቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ግማሽ በግማሽ ማድረጋችሁ መልካም ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ለስደተኞች ከሚመጣው ድጋፍ 30 ከመቶው ለተቀባዩ ማኅበረሰብ ይዋል የሚል መርሕ አለ። ንግድ ላይ ግን ነዋሪው ከግማሽ ካነሰ «ለእነሱ ገንዘብ ተሰጥቶ ከእኛ ጋር እንዲፎካከሩ ተደረገ» የሚል ወሬ ገና በምዝገባው ሳምንት ይነሣል።

ድልድይ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፤ ረቂቁ ብዙም አልተረፈለትም። የተስተካከለው፦ 44 ንግድ፣ በአንድ ዘርፍ ከአራት የማይበልጥ፤ ሁለት ሳምንት ገበያ ቆጠራና ጉብኝት፤ 36 ሰዓት ሥልጠና በስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ሰዓት፤ አራት አማካሪዎች ለ20 ሳምንት፤ ገንዘቡ 40፣ 40፣ 20።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ለጋሹ «የተፈጠረ የሥራ ዕድል»ን ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ሌላ ምን እንለካ? ደግሞስ ስደተኛው በመሀል ወደ ሦስተኛ አገር ቢሄድ ማሽኑ የማን ነው?

ደብተርና ሚዛን

«የሥራ ዕድል» ካልተተረጎመ የወንድሙን ልጅ ሱቅ ያስቀመጠ ሁሉ ቀጣሪ ሆኖ ይመጣል። በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ የሚሠራና የሚከፈለው ሰው ብላችሁ ወስኑ፤ የቤተሰብ ጉልበትን በሌላ አምድ ጻፉ።

ዋናው መለኪያ ትርፍ ነው። ገቢንና ወጪን በዝርዝር ጠይቆ መቀነስ የተሻለ ይመስላል፤ በማስታወስ ከሆነ ግን ስህተቱ በሁለቱም በኩል ይደራረባል። «ወጪውን ሁሉ ከፍለው ባለፈው ወር ስንት ቀረዎት?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ የሰባት ቀን ሽያጭን ለማመሳከሪያ ጨምሩበት። መነሻ መረጃው ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ይሰብሰብ፤ ቀጥሎ በ6ኛውና በ12ኛው ወር። የ12ኛው ወር ከመነሻው ጋር አንድ ወቅት ላይ ስለሚውል፣ የበዓልን ሽያጭ ከክረምት ሽያጭ ጋር ከማወዳደር ያድናችኋል። ለንጽጽር ከመቁረጫው ነጥብ ትንሽ ዝቅ ብለው የቀሩትን 20 ያህል አመልካቾች በፈቃዳቸው ተከታተሉ፤ ለእያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ ትንሽ የስልክ ካርድ ይበቃል።

የተዘጋን ሱቅ ሁሉ ኪሳራ አትበሉት። አንዳንዱ የተሻለ ቦታ ሄዷል፣ አንዳንዱ ተቀጥሯል። የመዘጋቱን ምክንያት የሚይዝ አንድ አምድ ይኑር።

አንቀጽ በአንቀጽ

ስለ ማሽኑ፦ የድጋፍ ውሉ ውስጥ ጊዜ ይቀመጥለት። እስከ 12 ወር ድረስ የሚሸጥና የሚተላለፍ አይሆንም፣ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ የባለቤቱ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለመልሶ ሰፈራ የተጠራ ሰው ሦስት አማራጭ ይኑረው፦ በውሉ ላይ አስቀድሞ ለሰየመው ወራሽ ማስተላለፍ፣ ለሸሪኩ መሸጥ፣ ወይም ከተጠባባቂዎቹ ለመጀመሪያው ማስተላለፍ። የጉዞ ጥሪ በጥቂት ሳምንታት ማስጠንቀቂያ ሊመጣ ስለሚችል የወራሹ ስም በመጀመሪያው ክፍያ ቀን ይጻፍ እንጂ ጥሪው ሲመጣ አይደለም። ውሉ ተሳታፊው በሚያነበው ቋንቋ ይሁን፤ የማያነብ ከሆነ ራሱ የመረጠው ሰው ያንብብለትና ይፈርም።

አንድ የተረሳ ነገር፦ የስደተኛ ፎቶና ሙሉ ስም በማስታወቂያችሁ ላይ አታውጡ። ካገሩ የሸሸው ከሚፈልገው ሰው ሊሆን ይችላል። ፈቃድ ሰጠ ቢባልም ገንዘብ ለሚጠብቅበት ቢሮ የተሰጠ ፈቃድ ነው፤ የሱቁን ዕቃ አሳዩ፣ ፊቱን ተዉት።